ልጄ ሲያለቅስ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ የልብ ችግር መሆን አለመሆኑ በምን ይታወቃል?

ጠያቂ፦ እናት ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። ሲወለድ ሦስት ኪሎ ይመዝን ነበር፤ በማግስቱም ጤነኛ ነው ተብለን ወደ ቤታችን ተመለስን። አምስት ወር ገደማ ሲሞላው ጡት እየጠባ መሐል ላይ አቋርጦ ሲያለከልክና ግንባሩን ላብ ሲያጠምቀው ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ አጥብቆ ባለቀሰ ቁጥር ከንፈሩ እንደ ጥቁር ወይን ይሆናል። እናቴም ጎረቤቶቼም «ቁጡ ልጅ ነው፣ ትንፋሹን እየያዘ ነው» ስለሚሉኝ ለረጅም ጊዜ በዚያው ተጽናንቼ ቆየሁ።

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ታክሟል። ከአራቱ ሁለቱን ጊዜ ትኩሳትም ሳልም አልነበረውም፤ ትንፋሹ ስለፈጠነ ብቻ መድኃኒት ታዘዘለት። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲያለቅስ መላ ፊቱ ጠቆረ፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ሆነ፣ ከዚያም እጄ ላይ ዝልፍልፍ አለ። ጉልበቶቹን ሆዱ ላይ አጣጥፌ ደረቴ ላይ እንዳጣበቅሁት ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ፤ ባጃጅ ሳናገኝ ገና መንገድ ላይ ሳለን ነቃ። በደረስንበት ጤና ተቋም የሚጥል በሽታ ሊሆን እንደሚችል ተነገረኝ። አንዲት ወጣት ነርስ ግን የኦክስጅን መለኪያውን ጣቱ ላይ አድርጋ ስታይ 78 በመቶ አለ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ተብሎ በሌላ ሲለካ 79 ሆነ። ደሙ ተመርምሮ ሄሞግሎቢኑ 12.5 ስለሆነ «ደሙ ጥሩ ነው» አሉኝ። አሁን ለልብ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎልኛል፤ ቀጠሮው ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃን ደጋ ስለሆነች ቁጥሩ የወረደው በከፍታው ምክንያት ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነውን? ልቡ ላይ ችግር ካለበትስ ያ ሁሉ ባለሙያ ደረቱን ሲያዳምጥ እንዴት ሳይሰማው ቀረ? ልጄ መልኩ ጠቆር ያለ ስለሆነ የከንፈሩን መለወጥ የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሰው «ምንም አይታየንም» ይለኛል። አዲስ አበባ ስንደርስ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሚጠብቀንም ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ የሕፃናት ሐኪም

ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። በእጄ ሳልመረምረው የበሽታውን ስም ቆርጬ ልነግርዎ አይገባኝም፤ ሆኖም ከጻፉት ውስጥ አንድ የማይቆይ ነገር ስላለ ከእርሱ እጀምራለሁ። ያን ጠዋት እንደደረሰበት ያለ መጥቆር ከተደገመበት ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። እስኪደርሱ ድረስ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፈው፣ አቅፈው፣ በለሰለሰ ድምፅ ያባብሉት። እርስዎ በድንጋጤ ውስጥ ሆነው ሳያውቁት ያደረጉት ይህንኑ ነው። እግሮቹ ሲታጠፉ የእግር ደም ቧንቧዎች ይጫናሉ፤ ደሙ ወደ ታችኛው ሰውነት የሚወርድበት መንገድ ስለሚከብደው ወደ ሳንባ የሚያልፈው ይበዛል።

ወደ ከፍታው ልምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ጤነኛ ሕፃን እዚያ ቢለካ 91 ወይም 92 ቢያሳይ አያስደነግጥም። 78 ግን በከፍታ የሚመካኝ ቁጥር አይደለም፤ የጎረቤትዎን ጤነኛ ልጅ በዚያው መሣሪያ ቢለኩት ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል። መለኪያው እጅ ሲበርድ፣ ልጁ ሲንፈራገጥ ወይም ጥፍሩ ቀለም ሲቀባ ሊሳሳት ይችላል፤ ይሁን እንጂ በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ውጤት ከመጣ መሣሪያውን መጠራጠር ትተን ልጁን መመርመር አለብን። እንዲያውም ይህ መሣሪያ ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ ከእውነተኛው መጠን ጥቂት አብልጦ የማሳየት ዝንባሌ አለው።

የቆዳውን ጉዳይ ማንሣትዎ ትክክል ነው፤ ብዙ ልጆች ሳይታወቁ የሚቆዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሰውነት ሲጠቁር የምናየው፣ ሄሞግሎቢን ከሚባለው ኦክስጅን ተሸካሚ የደም ክፍል ኦክስጅን ያልያዘው በአንድ ዲሲሊትር ደም ከ3 እስከ 5 ግራም ያህል ሲደርስ ነው። ሄሞግሎቢኑ 15 የሆነ ልጅ የኦክስጅን መጠኑ ወደ 80 በመቶ አካባቢ ሲወርድ መጥቆሩ ይታይበታል፤ ደም ያነሰውና ሄሞግሎቢኑ 9 የሆነው ግን ከ70 በታች ወርዶም ላያስታውቅ ይችላል። የከንፈርና የእጅ መጥቆር በብርድም ይመጣል፤ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት እጅና እግራቸው ቢጠቁር በአብዛኛው ምንም ማለት አይደለም። ምላስ ግን በብርድ አይጠቁርም። ስለዚህ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ወስደው፣ መብራት ሳያበሩ፣ የልጅዎን ምላስና የድዱን ሥጋ ከራስዎ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። ከዚያ የእጆቹን ጣቶች ይመልከቱ፤ ለብዙ ወራት ኦክስጅን ያነሰው ልጅ የጣቶቹ ጫፍ ወፈር፣ ጥፍሮቹም ጎበጥ ይላሉ።

«ትንፋሹን ይይዛል» የሚለው የጎረቤት አባባልም መሠረት አለው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ሲያለቅሱ ትንፋሻቸው ቀጥ ብሎ ጠቁረው የሚዝለፈለፉ ልባቸው ጤነኛ የሆነ ልጆች አሉ። ልዩነቱ እነርሱ ሲነቁ መልካቸውም የኦክስጅን መጠናቸውም ሙሉ በሙሉ ወደ ደህናው መመለሱ ነው። ደግሞም እነርሱ ትንፋሽ ያቆማሉ፤ የእርስዎ ልጅ ግን በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍስ ነበር ብለዋል። ከነቃ በኋላም 78 ማሳየቱ ሲጨመርበት፣ የእርሱ ነገር በልቅሶ ብቻ የመጣ አይደለም።

በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ዓይነት ታሪክ መጀመሪያ የሚታሰበኝ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባለው ነው። ስሙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 «ሰማያዊውን በሽታ» በዝርዝር ከጻፈው የማርሴይ ሐኪም ከአርተር ፋሎት ነው። ቴትራ ማለት አራት ሲሆን፣ በሁለቱ የልብ ታችኛ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ፣ ወደ ሳንባ በሚወጣው መንገድ ላይ ጥበት፣ ደምን ከልብ ወደ ሰውነት የሚያወጣው ትልቁ ቧንቧ አኦርታው በቀዳዳው ላይ ተሻግሮ መቀመጡና የቀኙ ክፍል ጡንቻ መወፈሩ ናቸው። የሁሉም መሪ ጥበቱ ነው። ወደ ሳንባ ማለፍ ያቃተው ደም በቀዳዳው አሳብሮ፣ ኦክስጅን ሳይጭን፣ ወደ አኦርታ ይገባል። ጥበቱ ያለው ጡንቻው ላይ ስለሆነ ልጁ ሲቆጣ ወይም ሲያለቅስ ይበልጥ ይጨማደዳል፤ ያን ጠዋት የሆነውም ይህ ይመስለኛል።

ታዲያ ለምን አልተሰማም? በዚህ በሽታ በጆሮ የሚሰማውን ተጨማሪ የልብ ድምፅ የሚፈጥረው በጥበቱ ውስጥ እየተጋፋ የሚያልፈው ደም ነው። ልጁ በጣም በጠቆረበት ሰዓት የሚያልፈው ደም ስለሚቀንስ ድምፁም ይደክማል፤ በሽታው ሲብስ ጆሮ የሚሰማው ያንሳል ማለት ነው። በዚያ ላይ ልጁ እያለቀሰና እያለከለከ ከሆነ ማዳመጡ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በባልቲሞር ትሠራ የነበረችው የሕፃናት ልብ ሐኪም ሄለን ታውሲግ የመስማት ችሎታዋ ስለደከመ የልጆቹን ደረት በእጇ እየዳሰሰች ንዝረቱን ትለይ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1944 በርሷ ሐሳብ፣ በቀዶ ሐኪሙ በአልፍሬድ ብሌሎክ እጅና በረዳቱ በቪቪየን ቶማስ የላቦራቶሪ ሥራ ለሰማያዊ ሕፃናት የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የልብ አልትራሳውንድ ገና አልነበረም። ይህን የማነሣው በየጤና ጣቢያው ለሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼም ብዬ ነው፤ በጥሞና የተወሰደ ታሪክና የምላስ ቀለም ዛሬም ብዙ ይናገራሉ።

ትኩሳትና ሳል የሌለበት፣ ደጋግሞ የሚመለስ «ሳንባ ምች» ሲያጋጥም ልብን መጠራጠር ይገባል። በማንኛውም ኦክስጅን ባለበት ቦታ ሊደረግ የሚችል አንድ ሙከራ አለ፤ ለልጁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ኦክስጅን መስጠትና ቁጥሩን መከታተል ነው። ሳንባው የታመመ ልጅ ቁጥሩ ደህና አድርጎ ይወጣል፤ ደሙ ሳንባን ሳይነካ በቀዳዳ የሚያልፍበት ልጅ ግን ከ78 ወደ 82 ወይም 83 ቢሄድ ነው። ሙከራው ያለ ስሕተት አይደለም፤ አቅጣጫ ግን ያሳያል።

አዲስ አበባ ላይ የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ኢሲጂና የደረት ኤክስሬይ ይነሣል። በፋሎት ጊዜ የልቡ ጥላ ጫፉ ቀና ያለ ቡት ጫማ ይመስላል፤ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ደም ስለሚያንስም የሳንባው ምስል ከወትሮው ይጠቁራል። ጉዳዩን የሚቆርጠው ግን ኢኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሕመም የለውም፣ ጨረር የለውም፤ ልጁ ጸጥ ብሎ መተኛት ብቻ ይኖርበታል።

ምላሽ፦ አዋላጅ ነርስ

ለዶክተር ማብራሪያ አመሰግናለሁ። እኔ ስለ አዲስ ለሚወለዱት ጥቂት ልጨምር። ሕፃኑ ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ በቀኝ እጁና በአንዱ እግሩ ላይ ኦክስጅኑን መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በአዲሱ መስፈርት ሁለቱም 95 እና ከዚያ በላይ ሆነው ልዩነታቸው ከ3 ካልበለጠ ያልፋል፤ ከ90 በታች የሆነ ግን ወዲያው መታየት አለበት። መስፈርቱ የወጣው ለቆላ አገር ስለሆነ በእኛ ደጋ ላይ ጤነኞቹንም ያስጠረጥራል፤ ቢሆንም አንድን ልጅ ደግሞ መለካት የሚያስከትለው ጉዳት የለም። ሳይቸገር የሚተነፍስ ግን የጠቆረ አራስ ሲያጋጥመኝ ከሁሉ በላይ እፈራለሁ፤ ሁለቱ ታላላቅ ቧንቧዎች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላልና፣ ያ ደግሞ የሰዓታት እንጂ የሳምንታት ጉዳይ አይደለም።

እህቴ፣ እርስዎ ግን ራስዎን አይውቀሱ። በፋሎት ጥበቱ ሲወለድ ቀላል ሆኖ ከወራት በኋላ የሚጠነክርባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ በማግስቱ ቢለካም ላይገኝ ይችል ነበር።

ምላሽ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ

«ሄሞግሎቢኑ 12.5 ስለሆነ ደሙ ጥሩ ነው» የሚለው አላስቻለኝም። ለሌላ የሁለት ዓመት ልጅ ጥሩ ነው። ኦክስጅኑ 78 በሆነ ልጅ ግን ሰውነቱ እጥረቱን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል አብዝቶ ስለሚያመርት ሄሞግሎቢኑ 17 ወይም 18 ቢሆን ነበር የሚጠበቀው። 12.5 ላይ ከቆመ ማምረቻው ብረት አጥሮታል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ቀይ ሴሎቹ በግዝፈት ማነስ አለማነሳቸው በውጤት ወረቀቱ ላይ ይታይ፤ የሚቻል ከሆነም የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ይሠራለት። የብረት እጥረት በእንደዚህ ያለ ልጅ ላይ በራሱ አደጋ ነው። መጥቆሩ ለሰው የማይታየውም በዚሁ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ብረት የሚሰጠው በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ነው።

ለሙያ ጓደኞቼ ሁለት ነገር ላስታውስ። የደሙ ውፍረት ማለትም ሄማቶክሪቱ ከ55 በላይ የሆነ ልጅ ለደም መርጋት ምርመራ ሲቀዳለት በቱቦው ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የሲትሬት መጠን ካልተስተካከለ ውጤቱ ያሳስታል። ሌላው፣ ልብም ሳንባም ደህና ሆኖ ልጁ ሲጠቁር ጠብታ ደም በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ተራው ደም አየር ሲነካው ይቀላል፤ ቡናማ ሆኖ ከቀረ ሄሞግሎቢኑ በመድኃኒት ወይም ናይትሬት በበዛበት የጉድጓድ ውኃ ተለውጦ እንደሆነ ይጠረጠራል።

ምላሽ፦ የአንዲት ልጅ አባት

የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ የራሴ ቤት ነው የመሰለኝ። የእኔ ልጅ የታወቀላት አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው። ከቤታችን እስከ ቦኖ ውኃው ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፤ ያን ስትሄድ ሦስት ጊዜ ቁጢጥ ትላለች። እኔ ጠጠር የምትለቅም ይመስለኝ ነበር፤ እርሷም ልጆቹ እንዳይስቁባት ሁልጊዜ ከመሬት አንድ ጠጠር አንሥታ ትነሣለች። ኪሷ በጠጠር ይሞላ ነበር። በኋላ ሐኪሟ ቁጢጥ ማለቷ እርስዎ ልጅዎን አጥፈው እንደያዙት ያለ ሥራ እንደሚሠራ፣ ማንም ሳያስተምራት ሰውነቷ ራሱ ያገኘው ዘዴ መሆኑን ሲነግረኝ አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። መዋዕለ ሕፃናት ሳለች «ሰነፍ ናት፣ መሮጥ አትወድም» ይሏት ነበር።

እኛም ዘንድ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ስምንት ወር ክኒን ወስዳለች። ጠበልም ወስደናታል፤ አሁንም እንወስዳታለን፤ ሁለቱ አይጣሉም። ነገሩን የለወጠው አንዲት ጤና መኮንን «እስቲ ምላስሽን አሳዪኝ» ማለቷ ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ ልጅዎ ሲጠቁር በስልክዎ በቪዲዮ ይቅረጹት፤ ሐኪሙ ፊት ስንደርስ ልጆቻችን ደህና ይመስላሉ። የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ጻፉት። ለኢኮ ስትሄዱ የማስተኛ መድኃኒት ሊሰጠው ስለሚችል ከምግብ መቼ እንደሚያቆም አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ከተባለው በላይ ግን ውኃ አትከልክሉት፤ የእኛ ልጅ በጥም ደርቃ ብሶባት ነበር።

ልጄ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ በጀመረው የልብ ማዕከል ነው። ተራው ረጅም ስለሆነ የኢኮው ውጤት እንደወጣ በዚያው ቀን ተመዝገቡ። እስራኤል ሆሎን ከተማ በሚገኘው ቮልፍሶን ሆስፒታል በሚሠራው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት በተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ሄደው የታከሙ የአገራችን ልጆችም አሉ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ልጄ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ምላሱን በመስኮት ብርሃን ከእኔ ጋር አስተያየሁት፤ ሌላ ማረጋገጫ አላስፈለገኝም። ቀጠሮው ሳይደርስ በአምስተኛው ቀን በድጋሚ ስለጠቆረ ጉልበቱን አጥፌ ይዤው ሆስፒታል ገባን፣ ከዚያም በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ኢኮው ዶክተር እንዳሉት ፋሎት መሆኑን አሳየ፤ ቀዳዳው ትልቅ፣ ጥበቱም ብርቱ ነው ተብሏል። እንዳይደገምበት ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ጀምሯል፤ ብረትም ታዞለታል። ያልገባኝ አንድ ነገር፣ ኢኮው ሁሉን ካሳየ ለምን ሲቲ ስካን ደግሞ ታዘዘ?

ምላሽ፦ የሕፃናት ሐኪም

በሰዓቱ መድረስዎ ትልቅ ነገር ነው። ኢኮ የልቡን ውስጥ በደንብ ያሳያል፤ ወደ ሳንባዎቹ የሚገቡትን ቅርንጫፍ ቧንቧዎች ግን፣ በተለይ ራቅ ብለው ሲሄዱ፣ በሳንባው አየር ምክንያት አጥርቶ አያይም። ቀዶ ሐኪሙ ሙሉ ጥገናውን በአንድ ጊዜ ለማድረግ ቅርንጫፎቹ በቂ ስፋት እንዳላቸው ማወቅ አለበት፤ ቀጭን ከሆኑ መጀመሪያ በትንሽ ቱቦ ደም ወደ ሳንባ እንዲበዛ ተደርጎ እስኪሰፉ ይጠበቃል። ሁለተኛው ምክንያት የልብን ጡንቻ ራሱን የሚመግቡት ቧንቧዎች ናቸው። ፋሎት ካለባቸው ልጆች በጥቂቶቹ፣ ከመቶ አምስት ያህል በሚሆኑት፣ አንዱ ቧንቧ ሐኪሙ ቆርጦ ሊያሰፋው በሚፈልገው ጠባብ ቦታ ላይ አቋርጦ ያልፋል። ያን ሳያውቁ መቁረጥ አይቻልም፤ ሲቲው የታዘዘው ይህን አስቀድሞ ለማየት ነው። ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲም ተቀብለው ያስቀምጡ።

ለሲቲው በደም ሥሩ መድኃኒት ይሰጠዋል። መስመሩን የሚያስገባውን ባለሙያ «ልቡ ላይ ቀዳዳ አለው» ብለው አስቀድመው ይንገሩት። በሌላ ሰው ላይ ትንሽ የአየር አረፋ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ በልጅዎ ላይ ግን በቀዳዳው ተሻግሮ ወደ አንጎል ሊሄድ ስለሚችል ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከአየር መጽዳት አለበት። ባለሙያው ቱቦውን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ሲያየው ቢያዩ ያን እየፈተሸ ነው።